የጨፌ ቡርቃ የመጋቢት ውሃ

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አምቦ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለው ቦኖ አጠገብ ሳልፍ አንዲት ሴት የሞላችውን ጀሪካን ብድግ አደረገች፤ ጀሪካኑ ከሥሩ ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ እግሯ ላይ ወረደ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሴትዮዋ ባዶውን ጀሪካን ይዛ ቆመች፤ ከኋላ ሄዳ እንደ ገና ልትሰለፍ ነው ወይስ ወደ ቤቷ ልትመለስ፣ ራሷም ያወቀች አትመስልም። በዚህ መሀል ዕድሜው ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ፣ የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ መንገደኛ ቆም አለ። ጀሪካኑን ተቀብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቢላዋውን በላይተር አጋለው። ከቦርሳው ያወጣውን የተሰበረ የሳፋ ቁራጭ በጋለው ቢላዋ እያቀለጠ ስንጥቁን ደፈነው። ሲጨርስ ጀሪካኑን ራሱ ወስዶ ቧንቧው ሥር ደቀነ። ከሰልፉ አንድ ወጣት ተራዋ አልፏል ብሎ ተቆጣ።

«የፈሰሰው ውሃዋ ነው እንጂ ተራዋ አይደለም» አለ ሰውየው፣ ቀና ሳይል።

ሰልፈኛው ሳቀ። ሰውየው ጀሪካኑ እስኪሞላ ጠበቀ፣ ከሥሩ በመዳፉ ዳሰሰው፣ እንደማያፈስ ካረጋገጠ በኋላ ምስጋና ሳይጠብቅ መንገዱን ቀጠለ።

እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቀን ቀኑ የተባረከ ይመስለኛል። ተከትዬው ስሙን ጠየቅሁት። ጅሩ ይባላል፤ ሥራው ቧንቧ መግጠምና መጠገን ነው። በዚያው ሰሞን የሰበካችን የጸበል ቤት ቧንቧ ከመሬት ውስጥ እያፈሰ አስቸግሮን ስለነበር ስሙን ለሰበካ ጉባኤው ሰጠሁ። ሦስት ቀን ሠራ። ከቅዳሴ በኋላ አብረን እየበላን ስለ ኑሮው እጠይቀው ነበር። ስለ አንድ ደግ ሰው ጥቂት መስመር ልጽፍ አስቤ ነው የጠየቅሁት። በሦስተኛው ቀን የነገረኝ ግን ካሰብኩት የተለየ ሆነ። ጻፈው፣ ስሜንም አትለውጥ ስላለኝ እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

ጅሩ የተወለደው በደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ጨፌ ቡርቃ በሚባል መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ አባቱ ስለሞተ ወደ አምቦ መጥቶ ለአንድ የውሃ ሥራ ተቋራጭ ቦይ ቆፋሪ ሆነ። ቦዩ ውስጥ ሆኖ ከላይ ቧንቧ የሚገጥሙትን ያይ ነበር። ገጣሚው ሲደክመው «እስቲ ያዝልኝ» ይለዋል፤ እሱም መያዙን ትቶ ይገጥማል። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ነው የተማረው። ፓምፕ ሲመጣ በካርቶኑ ውስጥ የሚገኘውን ወረቀት ማንም ስለማይፈልገው ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ከመንገድ ላይ በገዛት መዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታ ያነበዋል። እኔም ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ጋር የታገልኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ወደ መንደሩ በሄደ ቁጥር ሰዎች «ኢንጂነሩ መጣ» ይሉታል። ግማሹ ፌዝ፣ ግማሹ ኩራት ነበር። እሱ ኩራቱን ብቻ ይሰማ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሰባት የውጭ አገር ሰዎች ወደ ጨፌ ቡርቃ መጡ። አብዛኞቹ የምህንድስና ተማሪዎች ሲሆኑ ሁለቱ ሥራ የያዙ መሐንዲሶች ነበሩ። ከአንድ የሰሜን አውሮፓ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጅሩ አስተርጓሚ ሆኖ ተጠራና እንዴት እንደሚሠሩ ቀስ በቀስ ገባው። በብዙ አገሮች እንደነሱ ያለ ማኅበር አለ። በአንድ አገር ውስጥም በየዩኒቨርሲቲውና በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ የእረፍት ጊዜያቸውን ይሰጣሉ፣ የመሣፈሪያቸውን አብዛኛውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። በራሳቸው ሐሳብ ተነሥተውም አይመጡም፤ መንደሩ ራሱ በፊርማ ሊጠይቃቸው ይገባል። በመጀመሪያው ጉዞ ይጠይቃሉ፣ ይለካሉ፤ በሁለተኛው ይሠራሉ፤ ከዚያ ለጥቂት ዓመታት ሥራውን ይከታተላሉ፤ ደህና መሆኑን ሲያረጋግጡ ለመንደሩ አስረክበው ፋይሉን ይዘጋሉ። መንደሩም ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያዋጣል፤ የውሃ ኮሚቴም ያቋቁማል።

የመንደሩ ሰው ይህን ለማመን ተቸገረ። ኦቦ ቀጀላ የሚባሉ፣ በመንደሩ ያለ እሳቸው ሽምግልና የማይቆም አዛውንት ተማሪዎቹን ሲያዩ ቆይተው «ያለ ደመወዝ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ወርቅ አይቷል» አሉ። ጅሩ ይህን አልተረጎመም። ባለመተርጎሙም ማንም አልተጎዳም።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ተጣሞ ነበር። የእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው የእኛ ክረምት ሲገባ ነው። ስለዚህ ምንጩን የለኩት በነሐሴ፣ ዝናቡ ከላይ በሚወርድበት፣ ምንጩም ከታች በሚገነፍልበት ሰዓት ነው። ቡድኑን የምትመራው ካሪን የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ደቅና ጊዜውን ያዘች፤ በዐሥራ ሁለት ሴኮንድ ሞላ። ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። እሷ ግን ጠንቃቃ ልጅ ነበረች። ሰው ሁሉ እንዲሰበሰብ አድርጋ በበጋ ምን ያህል እንደሚቀንስ በጅሩ አፍ ጠየቀች።

ኦቦ ቀጀላ ጋቢያቸውን ሰብስበው መለሱ። ይህ ምንጭ አያቶቻቸውን ያጠጣ ነው፤ ይበቃናል፤ አምላክ የሰጠንን ውሃ አነሰ ብለን አናማውም፤ ምንጭ ከታማ ይርቃል አሉ። ሌሎቹም በየተራ አምላክን አመሰገኑ። በኛ አገር ለእንግዳ ሰው፣ ያውም ሊረዳ ለመጣ፣ የመጀመሪያው መልስ ምስጋና ነው። ካልተመሰገነ ነገሩ ምሬት ይሆናል፤ ምሬት ደግሞ እንግዳን ያባርራል። ጅሩ ይህን ያውቃል። እሷ ግን አታውቅም፤ የምስጋናውን ቃል እንደ ልኬት ቁጥር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል ጃለኔ የምትባለው ተናገረች። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ነበረች።

«ኦቦ ቀጀላ ውሃ የሚጠጡት እቤት ተቀምጠው ነው» አለች። «በመጋቢት ጀሪካኔን ምንጩ ሥር ደቅኜ፣ ቤቴ ሄጄ ልጄን አጥብቼ ስመለስ ግማሽ አይሞላም። ንገራት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከወንዶቹም የሳቁ ነበሩ። ኦቦ ቀጀላ አልሳቁም፤ ጅሩን ትክ ብለው አዩት። ካሪን ምን አለች፣ ሰው ለምን ሳቀ ብላ ጠየቀች። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደርም ጥያቄ ማስገባቱንና ቡድኑ ሁለቱንም ለመሥራት አቅም እንደሌለው ጅሩ ያውቅ ነበር። ምንጩ ደካማ ነው ከተባለ ወደዚያ ይሻገራሉ። የሚያውቃቸውም ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል።

«ሴቶቹ በመምጣታችሁ ደስ ብሏቸዋል አልኳት» አለኝ፣ የጸበል ቤቱን ግድግዳ እያየ። «እሷም ጻፈችው። ቀና ብላ ለጃለኔ ፈገግ አለችላት። ጃለኔም የተተረጎመላት መስሏት ፈገግ አለች።»

ተማሪዎቹ ሲሄዱ ባልዲና ደብተር ለጅሩ ትተውለት፣ በበጋ ለክቶ እንዲልክላቸው አደራ አሉት። ለካ። የለካው ግን በታኅሣሥ ነው፤ በዐሥራ ስምንት ሴኮንድ ሞላ፤ ያንን ላከ።

«ታኅሣሥም በጋ ነው» አለኝ። «ቁጥሩን አልዋሸሁም። ይህን ለራሴ ስንት ዓመት ስነግረው ኖርኩ መሰለህ።»

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሥራው ተሠራ። ሰው ከጭቃ ጋር እየታገለ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ ቆፈረ፤ ሴቶች አሸዋ ከወንዝ ተሸከሙ። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ክፍል መሬት ላይ እየተኙ እጃቸው እስኪላጥ ሠሩ። ምንጩ ዙሪያውን በሲሚንቶ ተከበበ፣ ማጠራቀሚያ ቆመ፣ ውሃው ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ሠፈር እንዲወርድ ተደረገ። ጅሩ በሕይወቱ እንዲህ ተደስቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። በየመገጣጠሚያው ላይ እጁ አለበት። ማኅበሩ ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ይኑሩ ስላለና ሥራውም ደመወዝ ስለሌለው ሽማግሌዎቹ ሊቀመንበርነቱን ሳይከራከሩ ለጃለኔ ሰጧት። በርክክቡ ውል ላይ መንደሩን ወክላ የፈረመችው እሷ ነች። ውሃውን ለሁለቱ ሠፈር የሚያከፋፍለውን ሳጥን ቁልፍ በክር አስራ አንገቷ ላይ አደረገችው።

ውሃው እስከ ጥር ድረስ እንደ ልብ ወረደ። በመጋቢት ለታችኛው ሠፈር የሚደርስ ጠፋ። ጃለኔ ጠዋት ለላይኛው፣ ከሰዓት ለታችኛው እየከፈተች ታከፋፍል ጀመር፤ የሚከፋፈል ሲገኝ ማለት ነው። የእሷ ቤት ከላይ ነው። «ለጎረቤቶቿ ታዳላለች» የሚለው ወሬ የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

ማኅበሩ በየዓመቱ እየመጣ ሊያይ ነበር ውሉ። ከ2008 ጀምሮ ግን በአካባቢያችን ጸጥታ ጠፋ፣ መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ተማሪዎቹን የሚልከው ዩኒቨርሲቲም ኢንሹራንሱም ጉዞውን ከለከሉ። ስለዚህ ክትትሉ በስልክና በፎቶግራፍ ሆነ። ያ ሁሉ ማኅበር፣ ያ ሁሉ መሐንዲስ፣ ጨፌ ቡርቃን የሚያይበት ዓይን አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም ጅሩ ነው። ውሃው ይወርዳል ወይ? ይወርዳል። ኮሚቴው ይሠራል ወይ? ይሠራል። ቅሬታ አለ ወይ? እግዚአብሔር ይመስገን። ፎቶግራፍ ሲጠይቁት በመስከረም ሄዶ ያነሣል፤ አበባው፣ የሚፈሰው ውሃ፣ የሚስቁት ሕፃናት። ካሪን ተመርቃ ሄደች። በቦታዋ ሌላ ተማሪ ተተካች፤ እሷም ተመረቀች። አዲስ የሚመጣው ሁሉ የሚያነበው የፊተኛው የጻፈውን ነው። በ2011 ዓ.ም. ፋይሉ በመልካም ውጤት ተዘጋ። ለጅሩ የምስጋና ወረቀት ተላከለት። በመስታወት አድርጎ ሰቀለው።

ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም ብዬ ጠየቅሁት። በመጀመሪያ ያፈረው እነሱን ነበር፤ ቆይቶ ራሱን፤ ከዚያ በኋላ ስለ መጋቢት ቢያነሣ ስለ ታኅሣሥ፣ ስለ ታኅሣሥ ቢያነሣ ስለ ነሐሴ ሊጠየቅ ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ዝናቡም ዘገየ። በሽታው መጥቷል እጃችሁን ታጠቡ በሚባልበት በዚያ ወር በጨፌ ቡርቃ እጅ የሚታጠብበት ቀርቶ የሚጠጣም አልነበረም። የታችኛው ሠፈር ሰዎች መጥተው የማከፋፈያውን ሳጥን በመጥረቢያ ሰበሩት። ጃለኔን ገፈተሯት። ልጆቿን የውሃ ሌባ ልጆች አሏቸው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ጅሩ ከአምቦ እንዲመጣ ተላከበት፤ ቧንቧ የሚያውቅ እሱ ነዋ።

ኦቦ ቀጀላ ቧንቧው ተበላሽቷል ወይ ብለው ጠየቁት። ጅሩ መስመሩን ከላይ እስከ ታች አይቶ ነበር። የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው የሌለው።

«ቧንቧው ምንም አልሆነም አልኳቸው» አለኝ። «እሱም እውነት ነው። አየህ፣ እኔ እውነት ብቻ ነው የምናገረው።»

ቧንቧው ካልተበላሸ፣ ምንጩም እንደሚበቃ በፊርማ ከተረጋገጠ፣ ጥፋቱ የባለ ቁልፏ ነው። ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ሁሉም ግን እንዲሁ ደመደመ። ጃለኔ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ኦቦ ጅሩ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን ንገራቸው» አለችው።

«የቱን ቀን?» አላት።

እዚህ ላይ ሲደርስ ጅሩ መሣሪያዎቹን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ። ደግ ሰው አይደለም ብዬ ልደመድም አልቻልኩም፤ ጀሪካኑን ሲደፍን አይቼዋለሁ። ይልቅስ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ የዚያን ዕለት በዚያ ስብሰባ ላይ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ የዋህ ሰው ተባብሮ አንዲት እውነተኛ ሴት ቀበረ።

ጃለኔ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠች እንጂ በእጃቸው አልሰጠቻቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ መሬቷን ለዘመድ ትታ ጉደር ወደምትኖረው ታላቅ ልጇ ሄደች። የጨፌ ቡርቃ ሴቶችም በበጋ ውሃ ለመቅዳት ወደ ወንዙ መውረድ ያዙ። ማጠራቀሚያው ቆሟል፤ በበጋ በላዩ ላይ የእህል ዘር ይሰጣበታል።

የእኔ ጠባይ ነገር ሁሉ መላ አለው ብሎ ማመን ነው፤ እግዚአብሔር አንዱን በር ሳይከፍት ሌላውን አይዘጋም እላለሁ። በሰበካችን ሶፎንያስ የሚባል የኮሌጅ መምህር አለ። አገራችን ውስጥ ባለው የእንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አባል መሆኑን ስለማውቅ ጅሩን ወደ እሱ ወሰድኩት። ጅሩ ስለ ምንጩ ነገረው፤ ስለ ጃለኔ ግን ሳይነግረው ቀረ። እኔም አላሳበቅሁም።

ከላይ ሁሉንም የሚያዝ አንድ አለቃ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለእሱ አቤት ብንል የሚበቃ። ሶፎንያስ ሳቀብኝ።

«አለቃ የለውም፣ ጋሼ» አለኝ። «የየአገሩን ማኅበራት የሚያያይዘው መረብ አገናኝ ነው እንጂ አዛዥ አይደለም። እንደ ዕድር ቁጠረው። የየሠፈሩ ዕድር ዳኞች ይተዋወቃሉ፣ ይመካከራሉ፣ ድንኳን ይዋዋሳሉ፤ ግን የአንዱ ዕድር ዳኛ የሌላውን ለቅሶ ተነሥቶ አይመራም።»

ስለዚህ የእኛ አገር ማኅበር ያለ ሠሪዎቹ ፈቃድ የጨፌ ቡርቃን ሥራ ሊነካ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ለሠሪዎቹ መጻፍ፣ እነሱ ከተስማሙ አብሮ መለካትና ማጥናት ነው። እንዲህ ባይሆን አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰ ይሄዳል አለ። ልክ ነው። ልክ ቢሆንም ለተጠማ ሰው ይከብዳል።

ተጻፈ። መልስ እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። መጀመሪያ አንድ ተማሪ ፋይሉ የተዘጋ መሆኑን ጻፈ። ሶፎንያስ እንደ ገና ጻፈ፤ ተማሪው የድሮ አባላትን አፈላልጎ ካሪንን አገኛት። እሷ ዛሬ የታወቀ ሥራ ያላት መሐንዲስ፣ የልጆች እናት ናት። መልሷን ሶፎንያስ በአማርኛ አንብቦልን ጅሩ ግልባጩን ያዘ። እንዲህ ይላል። ፋይሉ የተዘጋው ምንጩ በበጋ እንደማይደክም ነዋሪው በመመስከሩ ነው። ሊከፈት የሚችለው ምስክርነቱ የተለወጠበት ምክንያት ሲጻፍ፣ በመጋቢት የተለካ ቁጥር ሲላክ፣ በውሉ ላይ የፈረመችው ሊቀመንበርም ስትፈርምበት ነው። ያም ሆኖ ሥራውን የሚቀበል ቅርንጫፍ መገኘት ስላለበት ቃል አይገቡም። በደብዳቤው መጨረሻ ካሪን ከራሷ የጨመረችው ነበር። የድሮ ማስታወሻዋን አገላብጣ ነበር። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ተናገረች፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሴቶቹ ደስ ብሏቸዋል ብዬ ጽፌያለሁ፤ በእርግጥ ያለችው ያንን ነበር ወይ ትላለች።

ሶፎንያስ ቀና ብሎ ጅሩን አየው። ጅሩ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። በሩ ላይ ስንደርስ «ዐሥር ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም ነበር» ብቻ አለኝ።

ባለፈው መጋቢት፣ በ2017 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ባልዲውን ይዞ ጨፌ ቡርቃ ሄደ። ሃያ ሊትሩ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ሞላ። ኦቦ ቀጀላ አርጅተው በዱላ እየተደገፉ መጥተው አዩት። ምን እንደሚያደርግ ሲነግራቸው ምንጭን በደቂቃ ቆጥሮ ማማት እንደማይገባ ነገሩት። ጃለኔ ያን ቀን ያለችውን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ያስታውሳሉ። «አስተርጓሚው አንተ ነበርክ» አሉት። በዚህ ረገድ ከሁላችንም ይልቅ እሳቸው ትክክል ተናገሩ።

ከዚያ ሁለት ጊዜ ጉደር ሄደ። ጃለኔ በልጇ ግቢ በር ላይ አግኝታዋለች፤ ወንበር አወጣችለት፣ በጣሳ ውሃ ሰጠችው። አዴ ጃለኔ ብሎ ሲጀምር ጣሳውን ተቀብላ ገባች። በሁለተኛው ጊዜም እንዲሁ። በቁጣ አላባረረችውም፤ ውሃ አልነፈገችውም፤ ጆሮ ብቻ ነፈገችው። ካልፈረመች ደግሞ ደብዳቤው የትም አይሄድም፤ የጨፌ ቡርቃ ሴቶች የሚቀጥለውን መጋቢትም በወንዙ ውሃ ሊያሳልፉ ነው።

ዳግማይ ትንሣኤ በዋለ በማግሥቱ ቤቴ መጣ። ሁለት ወረቀት ይዞ ነበር፤ ሁለቱም በእጁ የተጻፉ። በአንዱ ላይ የአየሩ ጠባይ በመለወጡ ምንጩ ደክሟል ይላል። ጨዋ፣ የሚታመን፣ ማንንም የማይነካ ወረቀት ነበር፤ ጃለኔም ያለ ክርክር ልትፈርምበት ትችል ይሆናል። በሁለተኛው ላይ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ጃለኔ የተባለች ሴት የተናገረችው፣ እሱ በቦታው የተረጎመው፣ የታኅሣሡ ልኬት፣ የመስከረሙ ፎቶግራፍ፣ በ2012 በሽማግሌ ፊት የመለሰው ተራ በተራ ተጽፏል። ከሥሩ ስሙን ጽፎ ፈርሟል። ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ደጋግሞ አነበባቸው። እኔም በልቤ ጸለይኩ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን አነሣና ቀዶ ኪሱ ከተተው።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። «ከእኔ አፍ አትሰማም፤ እውነቷን ነው። በእሷና በሌላ ሰው መሀል ከእንግዲህ እኔ አልቆምም። ጉደር ሂድልኝና ይህን በኦሮምኛ አንብብላት። አንድ ቃል አታለስልስልኝ። አትፈርም ይሆናል፤ ይሁን። ግን ሰምታ የምትለውን ሁሉ ጻፈውና አምጣልኝ። ብትረግመኝም፣ እርግማኑን ሳትቀንስ አምጣው።»